ቁጥር ሰባት

ቺሎዌ ውስጥ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
"ዘነበ" ብሎ ወሬ የሚያወራ የለም።
እኔ ኤሌውቴሪዮ ጀልባ ነጂ ነኝ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ማዕበል የሚያውቀኝ።
ከኬልዋፒ ደሴት ልጆች አሳፍሬ፣
ማዶ ትምህርት ቤት ድረስ፣ ሳል በያዘው ሞተሬ።
አሥራ አራት ናቸው። ቆጥሬ እጭናለሁ።
ማታ ስንመለስ ደግሜ እቆጥራለሁ።
ተንሳፋፊው ጃኬት ግን ዘጠኝ ብቻ ነው፤
የመንግሥት ሒሳብ ነው፣ እኔ ምን ላድርገው።
ሕጋችን አጭር ነው፦ ታናሽ ይለብሳል፣
ጠና ያለው ልጅ ጠርዙን ይጨብጣል።

የምርጫው ሰሞን አጥር ፊት አወጣ፣
በድንች ማሳው ዳር ፈገግታ ተሰጣ።
የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶሚቲላ፣
ዛጎል ለቅማ አዳሪ፣ ቃሏ የማይላላ፣
ወረቀት ላከች ለሦስቱም እጩዎች፦
"ስለ ትምህርት ቤቱ አሉን ጥያቄዎች።
ኑና መልሱልን። መምጫው በልጆች ጀልባ፣
በልጆቹ ሰዓት፣ ካሜራ ሳይገባ።"

አንዷ ቀረች፤ ጉንፋን ያዘኝ አለች አሉ።
ሁለቱ እኛ ጋ አድረው፣ ጎህ ሳይቀድ ዘለሉ።
ወጣቱ ሊሳንድሮ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤
ገና ሞገድ ሲመታን ቁርሱን ለዓሣ ሰጠ።
ዶን ፋኩንዶ ኦያርሱን፣ ትከሻው የሰፋው፣
ያገኘውን ጃኬት ሳይጠይቅ ደረበው።
ጃኬቱ ደረቱ ላይ መሃረብ መስሎ ቀረ፤
ጀርባው ላይ በቀለም "ሰባት" ተጽፎ ነበረ።

አየሌን አየችው። አፏን አልከፈተችም።
ጠርዙን ጨበጠች። እኔም አልተናገርኩም።
ይህን ነው የማፍረው። እንግዳ ነው ብዬ፣
ነገ ሹም ነው ብዬ፣
ዓይኔን ከልጅቱ ወደ ሞገድ ጥዬ።

ክፍሉ ውስጥ ምድጃው በርጥብ እንጨት ያለቅሳል፤
ከጣሪያው ወደ ባልዲ ጠብ... ጠብ... ይላል።
ዶሚቲላ ጀመረች፦ "የሒሳብ መምህሩ
ከሄደ ሁለት ዓመት፣ ባዶ ነው ወንበሩ።
ልጆቻችን ክፍልፋይ የሚያውቁት ዳቦ ስንቆርስ ነው።
ሌላ መቼ ይመጣል? ቀኑን ነው የምንለው።"

ሊሳንድሮ፣ ፊቱን ገና አመድ እንደ ነፋው፣
"አላውቅም" አለ።
"አላውቅም" የሚል እጩ አይተን አናውቅም ነበር።
"አጣርቼ እጽፋለሁ" ብሎ ብዕር አወጣ፤
ወረቀት ስላጣ መዳፉ ላይ ጻፈው።

ዶን ፋኩንዶ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
"ሕፃናት ይቅደሙ!" እያለ ደነገገ።
ስለ አዲስ ሕንፃ፣ ስለ ኮምፒውተር፣
ስለ ልጆች ደኅንነት፣ ስለ ወደፊቷ አገር።
እጁ ሲወናጨፍ ጃኬቱ ይንጫጫል፤
እሱ ግን ረስቶታል።

ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት እጅ ወጣች።
"ጌታዬ፣ የለበሱት የኔ ነው" አለች።
"ቁጥር ሰባት። ለመመለሻ እፈልገዋለሁ።"

የሳቀ አልነበረም።
ባልዲው ብቻ ጠብ አለ።
የጃኬቱ ዘለበት አልፈታ ቢለው
ዶሚቲላ ሄዳ፣ እንደ ልጅ፣ ፈታችለት።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ድምፅ የላትም ገና።
ታዲያ ያን ጠዋት የሰማነው የማን ነበርና?

ስንመለስ ማዕበሉ ከጠዋቱ ይብሳል።
ዶን ፋኩንዶ መሀል ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጠርዙን፣
"ስንት ነው የጎደለው?" አለኝ፣ ሳያየኝ።
"አምስት" አልኩት።
አልጻፈውም። ምናልባት በልቡ ይዞታል።
የሊሳንድሮን መዳፍ ደግሞ ዝናብ አጥቦታል፤
የትኛው እንደሚቆይ እንጃ፣
ባሕርም ልብም ጥልቅ ነው።

እሑድ ድምፄን እሰጣለሁ፤ ለማን፣ አልናገርም።
ምስጢር ነው ይላሉ፣ እኔም አልሰብረውም።
ሰኞ ግን ጨለማ ነው፣ ሞተሬም ይስላል፤
ዘጠኝ ጃኬት፣ አሥራ አራት ልጅ።
ቆጥሬ እጭናለሁ።